ሽማግሌ የላክሁበት ክለብ

ስለ ክለብ ምንም አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂና ነው የምትጽፊው» የሚለኝ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ብለውኛልም። ከመሠረተ ትምህርት በላይ አልገፋሁም፤ ዕድሜዬ ያለቀው ሚኒሶታ፣ ፎርት ስኔሊንግ፣ አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ፣ ሰው የተነሣበትን ወንበር ስወለውል ነው። ይሁን። ልጄ ሜዳ ላይ ተዘርራ ሳይ የፈራሁት ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረውም እኔው ነኝ።

ልጄ የመጨረሻዬ ናት። ታላላቆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ እሷ ኮሌጅ እየተማረች አፕል ቫሊ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አባቷ ትራክ ይነዳል፤ ቤት የምናየው መንገዱ በዚህ በኩል ሲያልፍ ነው። ትንሽ ሆና እግር ኳስ ትጫወት ነበር፣ እሱን ችዬው ኖሬአለሁ። ኮሌጅ ስትገባ ራግቢ የሚባል ነገር ጀመረች። ራግቢም ሁለት ዓይነት ነው አሉ። የእሷው ራግቢ ሊግ ይባላል፤ በአንድ ወገን አሥራ ሦስት ሴቶች ይሆኑና የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ አቅፈው ይሮጣሉ፣ የወዲያኛው ወገን ሴቶች ደግሞ እየሮጡ መጥተው ይጥሏቸዋል። ታክል ይሉታል። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ ይገፋል፣ ከዚያ ኳሱን ለሌላው ይለቃል። ጨዋታው ይኸው ነው። ከደረጃ እንዳትወድቅ በር ያስገጠምኩላት ልጅ፣ አሁን መውደቅ ልትለማመድ ትሄዳለች። ጥርሷ እንዳይረግፍ የምትነክሰው ላስቲክ አላት። ለጭንቅላቷ ግን ምንም የለም። «የአሜሪካኖቹ ኳስ ተጫዋቾች እንኳ ቆብ ያደርጋሉ» ስላት «ማሚ፣ ያ እኮ ሌላ ስፖርት ነው» ትለኛለች። ስፖርቱ ሌላ ሲሆን የሰው ጭንቅላትም ሌላ ይሆናል?

ክለባቸው ትንሽ ነበር። ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሣሩ በየቦታው የተመለጠ የመናፈሻ ሜዳ ላይ ነው የሚለማመዱት። የሚያያቸው ሰው ቢኖር ውሻ ይዞ የሚያልፍ ነው። እንደዚያ ሳሉ ስጋቴም ልክ ነበረው፤ ትንሽ ነገር ቶሎ ይበርዳል፣ ትመረቅና ትተወዋለች እል ነበር። በዚህ ሰመር ግን አሰልጣኟ ከሩቅ ስቴት አንድ ስም ያለው ክለብ መጥቶ እንዲገጥማቸው አስማማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«እነሱ ቢግ ክለብ ናቸው» አለችኝ ልጄ። እኔ የታኬታዋን ጭቃ በቢላዋ ጫፍ እየፈነቀልኩ ነበር። «ከረታናቸው እኛንም ሰው ያውቀናል።»

«ምናቸው ነው ትልቅ?»

«ሁሉም ያውቃቸዋል።»

«ለምን አወቃቸው?»

«ትልቅ ስለሆኑ ነዋ» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። «የሰው ልጅ አጥንት ሰብረው ይሆናል የታወቁት» አልኳት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ።»

ይኸ ወሬ በተጀመረ ሰሞን፣ ስም ያለው ክለብ ከመምጣቱ በፊት፣ ከሴይንት ፖል ልጆች ጋር አንድ ጨዋታ ነበራቸው። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ስለነበር እኔ ነኝ የወሰድኳት። ሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቃት፤ ማየት አልደፍርም። የዚያን ቀን ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝና ወጥቼ ጥላ ሥር ቆምኩ። ኳሱን አቅፋ ስትመጣ አየኋት። ፊቷ ደስ ብሎታል። ከጎን አንዲት ደንዳና ልጅ ደረሰችባት። ድምፁ እንደ መኪና በር ነው፣ ድፍን ያለ። ልጄ ወደቀች፤ እጇንም ሳትዘረጋ፣ እንደ ጆንያ።

አሰልጣኟ ሮጣ ሄዳ አነጋገረቻት፣ ጣቷን ፊቷ ላይ አወዛወዘችላት። ልጄም ሳቀች። ተነሥታ ወደ እኔ እጇን አውለበለበችና ጨዋታዋን ቀጠለች። ሰዉ አጨበጨበላት። የሚያናድደኝ ያ ጭብጨባ ነው። ወድቆ የተነሣን ሰው ምን ሆነህ ወደቅህ ይሉታል እንጂ ያጨበጭቡለታል?

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «ረታን እንዴ?» አለችኝ።

«ረታችሁ» አልኳት። ሰዉ ሲያወራ ሰምቼአለሁና።

የሚኒሶታን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን። ስልኳን አየች፣ መልሳ አስቀመጠች። «ማሚ፣ ረታን እንዴ?» አለችኝ።

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልመለስኩላትም። መልሱን ብነግራት ሦስተኛ እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አስተርጓሚዋ በስክሪን ነው የምትታየው። አስተርጓሚ አልፈልግም ብል ልጄ ራሷ ናት የምትተረጉምልኝ፤ የምትተረጉመውም እሷ የምትፈልገውን ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ አልኩ። ሐኪሟ ዓይኗን አየች፣ በአንድ እግር አቆመቻት፣ ቃላት ነግራ መልሳ ጠየቀቻት። በመጨረሻ አንጎሏ ተናውጧል አለች። «እኔው ራሴ እንደገና ዓይቼ እስክፈቅድላት ጨዋታ አይታሰብም፤ ይኼ ሳይድን ሁለተኛ ብትመታ...» አለችና ቆመች።

«ቀሪውን ንገሪኝ» አልኳት አስተርጓሚዋን።

«እሳቸውም አልጨረሱት፣ እትዬ» አለችኝ።

እኔ ጨረስኩት፣ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ስጨርሰው ነው የኖርኩት፤ ወንበር ስወለውል፣ ሽንኩርት ስከትፍ።

ልጄ ግን መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እንዳሰረች «ለኮች አልነግራትም» አለች።

«ለምን?»

«ብነግራት ታስቀምጠኛለቻ።»

«ታስቀምጥሽ እንጂ።»

«ማሚ፣ ይኸ ጨዋታ አንዴ ነው። እነዚህ ሰዎች ተመልሰው አይመጡም።»

«ጭንቅላትሽስ ስንቴ ነው?»

ቤት እስክንደርስ በመስኮት አየች።

ለአባቷ ደወልኩለት። የሆነ ቦታ ነዳጅ እየቀዳ ነው። «አዋቂ ሆናለች፤ አገሩም የእነሱ ነው። አስረሽ ልታስቀሪያት ነው?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ፣ «ግን የሚመጣው ክለብ እውነት ያን ያህል ትልቅ ነው?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

እንግዲህ «አንቺስ ለምን ለአሰልጣኟ ራስሽ አልነገርሽም» ትሉኝ ይሆናል። እንግሊዝኛዬ የሥራ ነው። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ይቅርታ፣ በዚያ በኩል ይሂዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሲሄድ ይደናቀፋል። ደግሞም ከባድ ነገር በእኛ ዘንድ ከባለቤቱ አፍ አይወጣም። እናት ብቻዋን ሄዳ ብትለማመጥ ማን ይሰማታል? ሰው ይላካል። እናቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ እኔም ሌላ አላውቅም። ሽማግሌ ላክሁ።

አንደኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው። አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ይነዳሉ፣ እንግሊዝኛቸው እንደ ውሃ ነው። ሁለተኛው ሀጂ ናቸው፤ ሲዋርድ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ኦሮሞ ሽማግሌ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ሁለቱንም የሀጂ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ ነገርኳቸው። ልጅቷ ጭንቅላቷን ተመትታለች። ሐኪም ከልክሏታል። የፊታችን ቅዳሜ ደብቃ ልትጫወት ነው። አሰልጣኟን እንዳታሰልፋት ንገሩልኝ።

«ይኼማ ምን ችግር አለው» አሉ ዳኛው።

«እንኳን ለዚህ፣ ስንቱን ደም አድርቀናል» አሉ ሀጂ።

በልምምዳቸው ቀን ሄዱ። ሜዳው ከሱቁ ሩቅ አይደለም። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሀጂ ከዘራቸውን ይዘው ሲወጡ ጀርባቸውን አይቼ አሁን ጉዳዬ አለቀልኝ አልኩ። እስኪመለሱ ሱቁን ጠበቅሁላቸው።

ሲመለሱ ሳቃቸው ነው ቀድሞ የገባው። በዚያ ሙቀት ሁለቱም አንገታቸው ላይ አረንጓዴና ጥቁር የሱፍ ሻርፕ ጠምጥመዋል። የክለቡ ሻርፕ ነው።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ቆይ፣ ውሃ እንጠጣ» አሉ ዳኛው። ጠጡ። «የጨዋ ልጅ ናት። ተቀመጡ አለችን፣ እምቢ አልን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም ስላት፣ እሷም ልጆቹም ቆመው አዳመጡን። እንዲህ ያለ አክብሮት እኮ አሁን በእኛም ዘንድ ጠፍቷል።»

«ጭንቅላቷን ነገራችኋት?»

ዳኛው ሀጂን አዩ። ሀጂ ከዘራቸውን አዩ።

«ልጄ» አሉኝ ሀጂ፣ «ነገር በወግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጉዳይ አይነሣም። ሰው ቤት ገብተሽ፣ ቤቱን ሳታከብሪ፣ ባለቤቱን ሳታውቂ አቤቱታ ይቀርባል? ልጃችንን ስለያዘችልን አመሰገንናት። መረቅናት፣ ልጆቹንም መረቅን። መንገዱ ተጠርጓል። በሚመጣው ሳምንት ተመልሰን እንሄድና ያን ጊዜ ነገሩን እናነሣለን።»

«ጨዋታው ቅዳሜ ነው፣ ሀጂ።»

«የትኛው ቅዳሜ?» አሉ ዳኛው።

«የፊታችን። ነግሬዎታለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ነግረሽኛል። ግን ሽምግልና በቅዳሜ ይታጠራል እንዴ?»

ምን ልበላችሁ። የቆምኩበት ጠፋኝ። እነዚህ ሰዎች ሠርግ ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት ነው ያደረጉት፤ ልጅቷ መቼ ትሄዳለች ሳይሉ፣ ዘር ቆጥረው፣ አመስግነው፣ መርቀው፣ ለሌላ ቀን ቀጥረው መጡ። የሙሽራ ነገር ቢሆን ይጠብቃል። የተናወጠ አንጎል ይጠብቃል?

ዳኛው ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም። አሰልጣኟ እንግሊዛዊት ናት፤ የመጣችው ከሰሜን፣ የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት አገር ነው። ራግቢ ሊግ የሚባለውም መጀመሪያ የተጀመረው በዚያ በሠራተኛ ሰፈር ነው አለቻቸው። ዳኛው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ክለቡ ግን ትልቅ ነው፤ በዓለም የሚያውቁት አሉ። የከሰሉ ጉድጓድ ተዘጋ፣ ሥራ ጠፋ፣ ክለቡ አልተዘጋም። አያት የቆመበት ቦታ ላይ አባት ይቆማል፣ ልጅም እዚያው ይቆማል። ሰው ሲሞት ይቃጠልና አመዱ ሜዳው ላይ ይበተንለታል።

«አስተግፊሩላህ አልኩ እዚህ ላይ» አሉ ሀጂ። «በልቤ።»

«እሱን ተወው፣ ሀጂ። ዋናው ነገር ክለቡ ነው የሚሸኛቸው። ለቅሶ ይደርሳል፣ ለባልቴቷ ምግብ ይዞ ይሄዳል። ይኼ እኮ እድር ነው። ክለብን ትልቅ የሚያደርገው ምንድን ነው ትዪኝ እንደሆነ፣ ይኸው ነው። ኳስ የሚጫወት እድር።»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኔ ልጄን ከቀብር የሚያድንልኝ ሰው ነው የላክሁት። እርስዎ ደግሞ የሚቀብር አግኝተው መጡ።»

«ሟርት አታውሪ እንጂ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ የምፈራው መቃብሩን ነው።»

ሀጂ ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም፤ ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደ ታክሲያቸው ሄዱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረ። በማግሥቱ ሥራ ላይ፣ ዕረፍት ክፍል ቁጭ ብዬ፣ አንዲት ጓደኛዬ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችልኝ። የክለቡ ገጽ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎቼ ነጭ በነጭ ሆነው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሜዳው መሀል ቆመዋል። ልጆቹ ዙሪያቸውን አንገታቸውን ደፍተዋል። ልጄም ደፍታለች፣ ያንኑ የተመታ አናቷን። የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች ክለባችንን መረቁልን ይላል ጽሑፉ አሉኝ። ሰው እንደ ጉድ ይቀባበለዋል። አንዱ የአገሬ ሰው ሥሩ «ይኼማ የእኛ ክለብ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ክለቡ መኖሩን እንኳ ከዚያ ቀን በፊት የሚያውቅ አልነበረም። ውሻ ይዘው ብቻ የሚያልፉበት ክለብ በአንድ ጀምበር ታወቀ፤ ያስታወቅሁትም እኔ ነኝ፣ በገዛ ሽማግሌዎቼ።

ማታ ራት ላይ ልጄ አላስበላ አለችኝ። «ልጆቹ ሁሉ ሊድሩሽ ነው የመጡት እያሉ ሳቁብኝ። ማን ነው ባሌ? ኮቻችን ናት?»

«ብዪ እንጀራሽን።»

«አንቺ ነሽ የላክሻቸው፣ አይደል?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ታንክ ዩ፣ ማሚ። ቅዳሜ ሀበሻ በሙሉ ይመጣል። አሁንማ መቅረት አልችልም።»

ሳቋን ሳይ ቁስሌ ላይ ጨው የነሰነሱብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ደግሞም ስትስቅ ዓይኗን ጭፍን ማድረግ ጀምራለች፤ መብራቱ እየበዛባት። እጄን ታጠብኩና ሳህኔን አነሣሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ለዚያ ለተመለጠ ሣር የመጣውን ሰው ብታዩ ጥምቀት ነው የሚመስለው። ባንዲራ የለበሰ ሕፃን፣ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት፣ ከሠርግ ቤት ከበሮ ይዞ የመጣ ጎረምሳ። ስለ ራግቢ አንዲት ነገር የሚያውቅ የለም። «ልጃችን የቷ ናት?» ነው የሚባባሉት። ልጃችን። ሌሊት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ሳዳምጥ አንዳቸውም አልነበሩ።

ያ ትልቁ ክለብ በአውቶቡስ መጣ። አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል፣ የራሳቸው ካሜራ የሚይዝ ሰው አላቸው። ሰዉ እንደ ንጉሥ አጀብ አፉን ከፍቶ አያቸው። እኔ በአውቶቡሱ ጀርባ ነው የዞርኩት። አንዲት የእነሱ ልጅ ጎማውን ተደግፋ ታስመልሳለች፤ በፍርሃት ነው። የልጄ እኩያ ናት። ውሃ ሰጠኋት፣ ተጉመጠመጠች። ይቺም እናት አላት፤ የሆነ ከተማ ቁጭ ብላ በስልክ የምታይ። የትልቅ ክለብ ልጅ መሆኗ ከፍርሃት አላዳናትም። ያን ጊዜ ነው ቁጣዬ ከፍርሃቴ የበለጠው። እግሬ ራሱ ወደ አሰልጣኟ ወሰደኝ።

ክንዷን ያዝኳት። «ልጄ» አልኳት፣ የራሴን ጭንቅላት በእጄ እየመታሁ። «ዶክተር ኖ። ዶክተር፣ ኖ ጌም።» ግራ ገብቷት ፈገግ አለችልኝ። ለመረቋት ሽማግሌዎች የሰጠችውም ይኸንኑ ፈገግታ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የእድሩን ዳኛ ጠራቻቸው። ሻርፓቸውን እንደጠመጠሙ መጡ፣ ለአሰልጣኟ እጅ ነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመጀመሪያ ደረጃ» ብለው ያንኑ የወግ ሰላምታ ሊጀምሩ መሆኑ ገባኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ወጉ ይቅር። ጭንቅላቷ ተመትቷል፣ ሐኪም ከልክሏል። እሱን ብቻ ይንገሩልኝ።»

ሽማግሌን በሰው ፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም። ላባቸውን ጠረጉ። ተናገሩ።

የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «ጠይቄአት ነበር፣ ደህና ነኝ ብላኛለች» አለች። ዳኛው ተረጎሙልኝ።

«ስትወድቅ አላየችም ወይ በሏት።»

አይቻለሁ አለች።

«እንዴት እንደወደቀችስ አላየችም? እኔ ከዛፍ ሥር ሆኜ አይቻለሁ። እሷ ይኼ ሥራዋ ነው። የወደቀው ሰው ደህና ነኝ ሲላት አምና ሄደች? ልጅ እኮ ለመጫወት ብላ ሞቼም ደህና ነኝ ትላለች በሏት።»

ዳኛው ይህን ሁሉ ይንገሯት አይንገሯት አላውቅም። አሰልጣኟ ግን አልተከራከረችም። እጇን ትከሻዬ ላይ ልታደርግ ፈልጋ ተወችው። ሄዳ ልጄን ከሚያሟሙቁት መሀል ጠራቻት። ሁለቱ ሲያወሩ አየሁ፤ ልጄ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ከዚያ ወደ እኔ ስትዞር። አሰልጣኟ ጃኬት አልብሳ የተቀያሪዎች ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

የእኛ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ደረሳቸው። አንዲት በቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት «እንግዲህ ልጅቷን ለማየት ነበር አመጣጣችን፤ አሁን ምን ልናይ ነው?» አለችኝ። «ኳስ እዪ» አልኳት። ከበሮ የያዘው ጎረምሳ ከኋላዬ ሆኖ «ትልቅ ክለብ የእናቷን ቀሚስ የምትይዝ ተጫዋች አይፈልግም፣ እትዬ» አለ። የሳቁለትን ሁሉ ዞሬ አየኋቸው። ልጁን አልሰደብኩትም። «አንተን ያሳደገችህ እናትህ ከበሮ ሰጥታ ነው የላከችህ፤ እኔ ልጄን ነው የሰጠሁት» አልኩት።

ክለብ ትልቅ ሆነ የሚባለው ይኼ ከሆነ አልፈለግሁትም። ትናንት ስሟን የማያውቅ ሰው ዛሬ ልጃችን ይላታል፤ ካልተጣለችለት ደግሞ መምጣቴ ከንቱ ነው ብሎ እናቷ ላይ ያፈጣል። ዋንጫ ነው ይሉኛል፣ ዕድሜ ነው ይሉኛል፣ እድር ነው ይሉኛል። በዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ የማን ናት ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጨዋታው ተጀመረ። ሰዉ ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከበሮው ተመታ። ልጄ ወደ እኔ አንዴም አልዞረችም። ጓደኞቿ ሲሮጡ አብራ ከወንበሯ ትነሣለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። ከዚያ መነሣቱን ተወችው። አጎነበሰች። መዳፎቿን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከወዲያ ሆኜ ሳያት ያለቀሰች መስሎኝ ልሄድ ስል፣ ተነሥታ በዝግታ፣ ዳር ዳሩን ይዛ መጣች።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

አብሬአት ሄድኩ። የኋላ ወንበር ላይ ተጋደመች፣ ጃኬቱን ፊቷ ላይ ሳበችው። እኔ ከፊት ገባሁና መስኮቶቹን ዘጋሁ።

«ከበሮውን አስቁሚልኝ» አለች ከጃኬቱ ሥር። «አናቴ ውስጥ ነው የሚመታው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወደቅሁ ጀምሮ አልተወኝም» አለች።

ይኸው። በየቀኑ እያመማት፣ በየቀኑ ደህና ነኝ ስትል ነበር፤ ለእኔም፣ ለአሰልጣኟም፣ ለፎቶውም አንገቷን ስትደፋ። ዛሬ ቢያሰልፏት ኖሮ ብዬ ማሰብ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩት። አላስለቀቀችኝም።

መስኮቱ ተንኳኳ። ዳኛው ናቸው፤ እየሮጡ ነው የመጡት፣ ሻርፓቸው በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል። በመስታወቱ ውስጥ አፋቸው ሲከፈት አየሁ፤ አግብተናል ነው፣ እየመራን ነው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። እሳቸው ላይ፣ በአባቴ ዕድሜ ባሉት ሰውዬ ላይ። መስታወቱን በእጃቸው ጋርደው ወደ ኋላ ተመለከቱ። የተጋደመችውን አዩ። የተነሣው እጃቸው ወረደ። ከመስኮቱ ራቁ።

ሞተሩን አስነሣሁ። ሳምቡሳ የምትሸጠውን ሴት በእጄ ምልክት ከመንገድ አስነሥቼ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ መንገዱ ጉድጓድ ነው፣ ጎማው በነካው ቁጥር ከኋላ ትቃትታለች። ሐኪም ቤቱ ቅዳሜም ክፍት ነው። የት ነው የምትወስጂኝ አላለችኝም።